አባዬ የለም

ልጄ «አባዬ የለም» ብላ ስትመልስ እኔ ከእሷ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ወለሉ ላይ ተዘርሬ ነበር። ግማሽ ሰውነቴ አይታዘዘኝም። አፌ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። ከዚያች የስምንት ዓመት ልጅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዞር ብላ እንድታየኝ። አልዞረችም። እንዳትዞር ያስተማርኳት እኔ ስለሆንኩ ማንንም መውቀስ አልችልም፤ ቢሆንም ትንሽ መውቀሴ አይቀርም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል። ሰፈሩ «ነገ» ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ ሱሪው ደረሰ ወይ ላለኝ ሁሉ መልሴ ያቺው አንድ ቃል ስለሆነች። እጄ ክፉ አልነበረም፤ ኮሌታ እንደ እኔ የሚያስቀምጥ ሰው በዚያ አካባቢ አይገኝም። ክፉው አፌ ነው። እምቢ ማለት አላውቅም። በሳምንት አምስት ልብስ የምጨርስ ሰው አሥራ አምስት እቀበልና ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሐሙስ ይደርሳል» እላለሁ። ሐሙስ ሲመጣ መጋረጃ ያስፈልጋል።

መጋረጃዬ ከሶፋ ልብስ ትርፍራፊ የተሰፋ ወፍራም ነገር ነው፤ ሱቄን ለሁለት ይከፍላታል። ከፊት የስፌት መኪናዬ፣ መስተዋቱና የልጄ በርጩማ፤ ከኋላ የመቁረጫ ጠረጴዛው፣ ካውያውና የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ። እናቷ ዳቦ ቤት ስለምትሠራ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አትመጣም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ በቀጥታ ወደ እኔ ትመጣና በርጩማዋ ላይ ሆና የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ደንበኞቼ «ጸሐፊዋ» ይሏታል።

ነገሩ ሲጀመር አምስት ዓመቷ ነበር። አንዲት ሙሽራ በእህቶቿ ታጅባ ስትመጣ ከሩቅ አየኋት። ቀሚሷን ገና በመቀስ እንኳ አልነካሁትም። «አባዬ የለም በይ» ብያት ከመጋረጃው ኋላ ገባሁ። ልጄም፣ «አባዬ ‹የለም በይ› ብሎኛል» አለቻቸው። ይህ ቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ሁሉ ያወራዋል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። ሙሽራይቱም ስቃለች። እኔ ግን ሰዎቹ ሲሄዱ ልጄን በጥፊ መታኋት። ሰው ቀልዱን ሲያወራ ይህቺን የመጨረሻዋን ይዘላታል።

ከዚያ ወዲያ አልተሳሳተችም። «የት ሄደ?» ለሚሏት «ለቅሶ» እንድትል ነገርኳት፤ ለቅሶ የሄደን ሰው መቼ ይመለሳል ብሎ የሚጨቀጭቅ የለምና። እንደ ልቧ የምትራመደውን አክስቴን በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀብረናታል። አንድ ቀን ግን ከኋላ ሆኜ ሳል አመለጠኝ። ልጄ ዞር ብላ መጋረጃውን አየች፤ ደንበኛው ዓይኗን ተከትሎ ገባና ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሼ አገኘኝ። ያን ቀን ክንዷን የቆነጠጥኩበት ቦታ ለሳምንት ጠቁሮ ቆየ። ምንም ድምፅ ብትሰማ ወደ ኋላ እንዳታይ አስጠነቀቅኳት። «ብስል፣ ዕቃ ቢወድቅ፣ ጣሪያው ቢደረመስ፣ ዓይንሽ ከደብተርሽ እንዳይነሳ» አልኳት። እሺ አለች። እሺ ካለች አለች ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ናት።

ትምህርት ቤቷ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። መምህሯ ጥብቅ ሴት ናት፤ ውሸት ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ከጠረጴዛዋ የማይጠፋ የእንጨት ማስመሪያ አላት። ለዘገየ አንድ፣ የቤት ሥራ ላልሠራ ሁለት፣ ለዋሸ አምስት። እውነት ለተናገረ ግን የተመደበ ነገር የለም፤ ረስቼ አልሠራሁም ብሎ እውነቱን የተናገረውም ሁለቷን ይቀምሳል። ልጆቹ ሒሳብ የሚማሩት ከዚህ ይመስለኛል።

ይህቺ መምህር ወላጅ አምጪ ብላ ልጄን በአንድ ወር አራት ጊዜ ላከቻት። ልጄም አራት ጊዜ «አባዬ የለም፣ ለቅሶ ሄዷል» ብላ መለሰች። በመጨረሻ መምህሯ ዳቦ ልትገዛ ገብታ ባለቤቴን ስላገኘቻትና እግዜር ያጽናችሁ ስላለቻት ጉዱ ወጣ። በማግስቱ መምህራን ክፍል ቆምኩ። መጀመሪያ ልታስጠራኝ የፈለገችው በሌላ ነገር ነበር አለች፤ ልጄ የምታውቀውን ጥያቄ እንኳ ስትጠየቅ ከመመለሷ በፊት የጠያቂውን ፊት ታጠናለች፣ ይህ ነገር አሳስቧት ነበር። አሁን ግን ውሸቱ ሁሉን አስረስቷታል።

«በወር አራት ለቅሶ?» አለችኝ።

እኔ ነኝ ያስተማርኳት ማለት እችል ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ልጄ አጠገቤ ቆማ ስትጠብቅ ትታየኝ ነበር። አፈርኩ፤ ሦስት መምህራን ሻይ እየጠጡ ያዩኛል። ማስመሪያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁና አምስቱን ራሴ መታኋት። «እኛ ቤት ውሸት አይታወቅም» አልኩ። መምህሯ ደስ አላት። ቤትና ትምህርት ቤት እንዲህ ሲተባበሩ ነው ልጅ የሚታነጸው ብላ አመሰገነችኝ። ልጄ አላለቀሰችም። ከሰሌዳ ስትገለብጥ እንደምታደርገው ትኩር ብላ ታየኝ ነበር።

መንገድ ላይ፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ጠየቀችኝ። «አባዬ፣ ትምህርት ቤት እውነት ነው የምለው፣ ሱቅ ግን የለም ነው?»

አዎ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? ደግሞ ልጅ ናት ትረሳዋለች አልኩ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለውን እኔም ለስንቱ ተርቼዋለሁ።

መምህሯ በእኔ ደስ ስላላት በሳምንቱ የቀሚስ ጨርቅ ይዛልኝ መጣች። ተቀበልኩ። ለሐሙስ ቀጠርኳት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ልጄ በርጩማዋ ላይ ሆና የማባዛት ሠንጠረዥ ትጽፋለች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ የመምህሯን ጨርቅ ዘርግቼ በጠመኔ አሰመርኩና መቀሱን አነሳሁ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ አልኩና እኔም ወደቅኩ። መጀመሪያ ያዳለጠኝ መስሎኝ ነበር። ልነሳ ስል ቀኝ እጄ የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ደረቴ ሥር ተኝቷል፤ ግራው በጠረጴዛው እግርና በጆንያው መካከል ተቀርቅሯል። ልጄን ልጠራት ስል ከአፌ የወጣው ስሟ አይደለም፤ ጉርምርምታ ነው።

«አባዬ?» አለች። ያን ጊዜ የበሩ ደፍ ላይ ጥላ አረፈ። መምህሯ ነበረች።

በመጋረጃው ሥር የቀረችው ክፍተት አንድ ስንዝር ትሆናለች። የልጄ ጫማ ይታየኛል፤ የመምህሯም ጫማ። መምህሯ፣ አባትሽ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ልጄ ዝም አለች። በዚህ ዝምታ ውስጥ የነበረኝን ተስፋ በቃል ልነግራችሁ አልችልም። ሱቅ ነው፣ ነገር ግን የመጣችው ቲቸር ናት፤ ልጄ ሕጎቿን እየመዘነች እንደሆነ ገብቶኛል። ትምህርት ቤት በይው፣ ትምህርት ቤት በይው እያልኩ በልቤ ለመንኳት።

«የለም» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ? ውሸት እንደማልወድ ታውቂያለሽ።»

«አዎ ቲቸር። የለም።»

ባለ በሌለ ኃይሌ አቃሰትኩ። መምህሯ ሰማች፤ ጫማዋ ወደ እኔ ዞረ። ይህ ምንድን ነው አለች። ልጄ አፍታም ሳትቆይ፣ ድመት ነው፣ ከኋላ ወልዳለች አለቻት። ድመት የለንም፤ ኖሮንም አያውቅ። ድመቷን እኔ አላስተማርኳትም፤ ከራሷ ያመጣችው ነው። መምህሯ ጎበዝ አለቻት፣ እንዲህ ቶሎ ቶሎ መመለስ ልመጂ አለቻት፣ ሄደች።

ከዚያ ልጄ መጋረጃውን በትንሹ ገለጥ አድርጋ ገባች። አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ምራቄ በአገጬ ይወርዳል፤ ዓይኔን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው፤ በዓይኔ ጮህኩባት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ሄዳለች» አለች በሹክሹክታ። ከጆንያው ቁርጥራጭ ጨርቅ አውጥታ ጭንቅላቴ ሥር አስገባችልኝና ወደ በርጩማዋ ተመለሰች። እናቷ እስክትመጣ ድረስ ሁለት ደንበኞች መጥተው ነበር። ለሁለቱም «የለም» ስትል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። በመካከሉ የስምንትን ሠንጠረዥ ድምፅ አውጥታ ስትወጣው እሰማ ነበር፤ አልተሳሳተችም።

ሐኪሙ ቶሎ ብትመጣ ኖሮ ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። መጨረሱም ምንም አይጠቅም። ቀኝ እጄ ሞቷል፤ እግሬ ይጎተታል፤ ንግግሬን ከባለቤቴ በቀር የሚረዳው የለም። የስፌት መኪናዬ ጨርቅ ለብሷል። ባለቤቴ ልጅቷን ምንም አላለቻትም፤ እኔን ግን አንድ ቀን ፊቴን እያጠበችኝ፣ «የእጅህን ነው ያገኘኸው» አለችኝ። ወዲያው አለቀሰች። እውነቷን ነው፤ አልተቀየምኳትም።

እኔን የሚበላኝ ሌላ ነገር ነው። ጭንቅላቴ ሥር ያደረገችው ጨርቅ። ተደብቄ መስሏት ከነበረ ጨርቁ ለምን? መታመሜን አውቃ ከነበረስ ወደ በርጩማዋ ለምን ተመለሰች? በዚያ ሁሉ ሰዓት ብቻዋን ፈርታ ይሆን? ይህን ማወቅ ከእጄ መዳን በላይ ናፈቀኝ። በተጣመመ አፌ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት፤ ሁለት ጊዜም ምን እንዳልኩ ያልገባት መስላ ውኃ አመጣችልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ መምህሯ ልትጠይቀኝ መጣች። ብርቱካን ይዛለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ የቀሚሷን ጨርቅ ነገር አላነሳችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልጄን ወደ እሷ ሳበቻትና እኔ ስጠይቅ የከረምኩትን ጠየቀችልኝ። ድምጿ ለስላሳ ነበር፣ ይህን አልክድባትም።

«የኔ ቆንጆ፣ ያን ቀን አባትሽ እንደታመመ አውቀሽ ነበር?»

ልጄ የመምህሯን ፊት አየች። ቀጥላ እጇን አየች፤ ማስመሪያ አልያዘችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የሞተውን እጄን አየች፤ ቆይታ ደግሞ ደህናውን። ቦታው ሱቅም ትምህርት ቤትም አይደለም፣ መምህሯ ግን አለች። የትኛው ሕግ እንደሚሠራ አላወቀችም። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«አባዬ፣ ምን ልበል?»