ሁለት ተሳቢ የሚወስዱ ግሶች

እሷን ነው እንዴ፣ እሷን ነው፣ ሌላ ማን አለ በዚህ ግቢ ንብረት ክፍል የምትሠራ፣ የእኔ ሚስት ናት፣ አዲሱ መምህር ሰሌዳው ላይ ቁልጭ አድርጎ ጽፏታል፣ ዘ ስቶርኪፐር ጌቭ ሚ ቾክ፣ ንብረት ክፍሏ ቾክ ሰጠችኝ፣ ሰጠችህ፣ እሺ፣ ሥራዋ ነው፣ ለሁሉም ትሰጣለች፣ ለእኔም ትሰጠኛለች። አስፈርማ።

እኔ ከኋላ ነኝ። የተማሪ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው፣ የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊ እንደመሆኔ አዲስ መምህር ሲያስተምር ቁጭ ብዬ የመታዘብ፣ ሲጨርስም ብድግ ብዬ ተማሪው ፊት ብይን የመስጠት ኃላፊነት አለብኝ፣ የትምህርት ቤታችን ወግ ነው፣ ይቀጥል ወይስ ይሰናበት የሚለው ከእኔ አፍ ነው የሚጠበቀው። ተማሪዎቹ አራት ነጥብ ይሉኛል። እኔ ከተናገርኩ በኋላ ማንም ስለማይናገር ይመስለኛል፣ የአክብሮት ነው።

የዛሬው ርዕስ ሁለት ተሳቢ የሚወስዱ ግሶች። ቀላል ነገር ነው፣ ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ የሚሰጥ ዕቃ አለ፣ እኔ ስንት ዘመን አስተማርኩት፣ ሰውዬው ለሴትዮዋ ፖም ሰጣት፣ ሰውዬው ለሴትዮዋ ደብዳቤ ጻፈላት፣ ሰውዬው ለሴትዮዋ ቀሚስ ገዛላት፣ መማሪያ መጽሐፉ ላይ እንዳለ፣ ሴትዮዋ ባል ይኑራት አይኑራት አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ዛሬ ለባልየው አዘንኩለት፣ ምስኪን።

ይሄኛው ግን፣ ልጆች፣ በእኔ ክፍል ያልሆነ ነገር አይጻፍም አለ ገና ሲገባ፣ ምሳሌ የምትሰጡኝ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ በእውነት ስለሆነ ነገር ነው፣ ሰማችሁ፣ ሰማን ቲቸር፣ እኔም ሰማሁ። እንግዲያው ይህ ምሳሌ አይደለም። የምስክርነት ቃል ነው።

እስቲ ልብ በሉ ይላል፣ ጊቭ አጠገብ የተቀመጠው ማን ነው፣ ተቀባዩ ቲቸር፣ ጎበዞች፣ ቱ የምትባለዋን መስተዋድድ ካስገባን ግን ተቀባዩ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዕቃው መሀል ይገባል። ይግባ እንጂ! እኔ ቱን እወዳታለሁ፣ ቱ አጥር ናት፣ ቱ ባለችበት ሰፈር ሰው ከሰው ትከሻ ለትከሻ አይተሻሽም፣ ይሄ ልጅ አጥሩን እየነቀለ ነው የሚያስተምረው፣ ጸጉሩን ደግሞ እንዴት ነው ያበጠረው፣ ለግስ ይሄ ሁሉ ማበጠሪያ።

ቀጥሎ ሾው። አይ ሾውድ ሄር ኤ ፎቶ፣ ፎቶ አሳየኋት። የምን ፎቶ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ተማሪ የለም፣ የዘንድሮ ልጅ መጠየቅ አይችልም፣ የእናቴን ፎቶ ይላል ራሱ። እናቱን! ሰው እናቱን ዝም ብሎ ለማንም ያሳያል እንዴ፣ እኔ እናቴን ያሳየኋት ሽማግሌ ከላክሁ በኋላ ነው።

ከዚያ ቴል። ሺ ቶልድ ሚ ኤ ጆክ። ቀልድ ነገረችኝ። እዚህ ላይ ያዝኩት፣ ውሸት፣ ሚስቴን አውቃታለሁ፣ ጨው አቀብለኝ፣ በሩን ቆለፍከው፣ ደህና እደር፣ አለቀ፣ ቀልድ የት ታውቃለችና፣ ልጆቹ ግን ይንከተከታሉ፣ ቀልዱን ያውቁታል ማለት ነው፣ የቱን ቀልድ፣ በማን ላይ የተቀለደ፣ አንዷ ወደ እኔ ዞር አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ኧረ ባክሽ።

በሉ ደግሞ እናንተ በቲች ሥሩልኝ። መስኮቱ ጋ ያለችው ፈጣን ምላስ ተነሳች፣ ቲቸር፣ ዩ ቲች ዘ ስቶርኪፐር ኢንግሊሽ፣ አለች፣ አት ላንች። ለንብረት ክፍሏ እንግሊዝኛ ታስተምራታለህ፣ በምሳ ሰዓት። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው አለ አዲሱ፣ ጆሮው ቀላ እንጂ አልካደም።

እንግሊዝኛ። ለእኔ ሚስት። ሽቶ ቢሰጣት እሺ፣ ሰው ይቀናል፣ ይጮሃል፣ ይወጣለታል፣ እንግሊዝኛ ግን፣ ቤቷ እንግሊዝኛ ሞልቶ ተርፎ፣ ትራሷ ጎን የክፍሉ ኃላፊ እያንኮራፋ፣ ከውጭ ታስገባለች! አላስተማርኳትም እንዴ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ለፍቼ የለም፣ አንድ ቃል ስትናገር አረምኳት፣ ሁለተኛውን ስትናገር አረምኳት፣ ሦስተኛውን አልተናገረችም። ገብቷታል ብዬ ተውኩት።

ደወል። ጋሼ፣ ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል ይላል እጁን አጣምሮ፣ ትሕትናው ራሱ ነገር ይፈልጋል፣ እነሳለሁ፣ ጉልበቴ ይንቋቋል፣ ስህተት ፈልጌ አጣሁበት እኮ፣ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ አንድ የሰረዝ ግድፈት እንኳ ቢሰጠኝ ምን አለበት፣ ብይኔን ከምሳ በኋላ አሰማለሁ እላለሁ። አራት ነጥብ ዛሬ ነጠላ ሰረዝ ሆነ አለ አንዱ ከኋላዬ። አልሰማሁም።

ኮሪደሩ። የንብረት ክፍል በር። ገርበብ ብሏል፣ የክፍል ኃላፊ አያደምጥም፣ ይታዘባል፣ እታዘባለሁ። ብቻቸውን አይደሉም። ዘበኛው ካርቶን ላይ ተቀምጧል፣ ጽዳቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ አዲሱ መምህር መደርደሪያውን ተደግፎ ዳቦ ይገምጣል፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የምሳ ሰዓት ትምህርት ነው፣ እፎይ፣ እፎይ ማለት አለብኝ አሁን፣ ለምን አልወጣም እፎይታው።

እሷ ናት የምትናገረው። ሂ ኤክስፕሌይንድ ሚ ዘ ሌሰን፣ ትምህርቱን አስረዳኝ ማለቷ ነው። ሃ! ኤክስፕሌይን አይችልም፣ ሰውና ዕቃ ጎን ለጎን አይሸከምም፣ ቱ ይፈልጋል፣ ቱዬ፣ ያቺ አጥር፣ ያዝኩህ አዲሱ፣ ይሄ ነው ያስተማርካት፣ ደረቴ ሞላ፣ በሩን ልገፋው ነው፣ እሷ ግን አላቆመችም፣ ትቀጥላለች፣ ሌላ ትሳሳታለች፣ ትስቃለች፣ ኖ ኖ ዌይት ትላለች፣ እንደገና ትሳሳታለች፣ ዘበኛው አይዞሽ እቴ ይላታል፣ እሱም ይሳሳታል፣ እንዲህ ስትስቅ ጥርሷ እንደሚታይ ረስቼው ነበር፣ ይሄን ሁሉ ስህተት፣ ይሄን ሁሉ፣ ለእነሱ ትሰጣለች። ለእኔ ቤት አንዲት አልደረሰችኝም።

በሩ ሲጢጥ አለ፣ እጄ ነው የገፋው። ጽዳቷ ከባልዲው ብድግ፣ ጋሼ ይግቡ፣ ዘበኛው ካርቶኑን ያራግፍልኛል፣ ሚስቴ አፏን ገጠመች፣ ምነው፣ የቤት ቁልፍ ረሳህ እንዴ፣ በእኛ ቋንቋ፣ አንድም ስህተት የለበት፣ አይ፣ ቀጥሉ እላለሁ፣ ልጁ ብይኔ መስሎት አመሰግናለሁ ጋሼ ይላል፣ ይምሰለው፣ ካርቶኑ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ቀጥሉ እንጂ፣ ማንም አይቀጥልም፣ ሚስቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኛለች፣ ምላሴን ነክሼ ይዣለሁ፣ አላርምም፣ በይ ተናገሪ፣ እኔም ፊት አንድ ጊዜ ተሳሳቺ፣ እባክሽ