የመጀመሪያ ዋጋ

መርካቶ ተወልዶ የመጀመሪያ ዋጋ የሚከፍል ሰው ካለ፣ ወይ ታሟል ወይ ቤቱ እየተቃጠለ ነው። የሀፍሷ አባት ጋሽ ሰላሁዲን በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። መርካቶ መሐል ባለው ሱቃቸው መጋረጃ ሲሸጡም፣ ለቤት ሽንኩርት ሲገዙም፣ ሳይከራከሩ የዋሉበት ቀን የለም። ልጃቸውን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በግል ለማስመዝገብ አብረዋት የሄዱ ዕለት እንኳ መዝጋቢዋን፣ "ለደንበኛ አይቀነስም ወይ? ዓምናም እኮ ተፈትናለች" ብለዋት፣ ሀፍሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ዓምና ወድቃለች። መውደቅ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ለማካካሻው ትምህርት፣ ለሬሜዲያል እንኳ በጥቂት ነጥብ ሳይሞላላት ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ውል አላቸው። ዘንድሮ ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ካላለፈች ሱቁን ትረከባለች፣ የፈተና ነገር ሁለተኛ አይነሳም። አባቷ ክፋት የላቸውም፤ መጋረጃ እንደሷ የሚሸጥ ሰው ስላላገኙ ነው። የሀፍሷ ልብ ግን ፋርማሲ ላይ ነው። እንደምታልፍም ጥርጥር የላትም፤ ጠይቋት ለማያውቅ ደንበኛ ሳይቀር ትናገራለች።

ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ጓደኛዋ ፈሪዳ ትመጣለች። ፈሪዳ ዓምና ፈተናውን አልፋ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባች ናት። ሁለቱ ሱቁ ቆጥ ላይ ወጥተው የድሮ ፈተናዎች ይሠራሉ። አንድ ቀን ፈሪዳ የባዮሎጂውን ወረቀት ስታርም ቆየችና ሳቀች።

"አንቺ፣ የሰረዝሻቸው ሁሉ ልክ ነበሩ እኮ።"

"የትኞቹ?"

"መጀመሪያ ያከበብሻቸው። ታከብቢያለሽ፣ ትሰርዣለሽ፣ ሌላ ታከብቢያለሽ። ምን ሆነሽ ነው?"

ሀፍሷ አሰበች። "ቶሎ ሲመጣልኝ አላምነውም" አለች። "ትንሽ ብቆይበት የተሻለ የማገኝ ይመስለኛል።"

"ከጥያቄ ወረቀት ጋር ነው የምትከራከሪው?"

ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሀፍሷን ንዴት ያዛት። ዓምና የጣላት ያላወቀችው ትምህርት ሳይሆን ያደገችበት አመል ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራሷ ሕግ አወጣች፤ ለምን እንደምትቀይረው አፍ አውጥታ መናገር ካልቻለች መልሱን አትነካም። መጀመሪያ ላይ እጇን ይበላት ነበር። ኋላ ለመደችው፣ ውጤቷም እየጨመረ ሄደ።

ታች ጨርቅ የሚያጣጥፉት አባቷ ይህን ሁሉ ይሰሙ ነበር። "የመጀመሪያውን የሚቀበል ሞኝ ነው" አሉ ወደ ቆጡ ቀና ብለው።

"ሱቅ ውስጥ ነዋ፣ አባ" አለች ሀፍሷ። "ፈተና ላይ ሻጩም ገዢውም እኔው ነኝ። ከማን ጋር ልከራከር?"

ጋሽ ሰላሁዲን ጨርቃቸውን ማጣጠፍ ቀጠሉ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት የሐምሌ ዝናብ ይወርድ ነበር። መፈተኛው ከተማው ዳር ነው፤ የታክሲው ሰልፍ ደግሞ ዞሮ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። አባትና ልጅ በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆመው ቆዩ። የመፈተኛው በር ሊዘጋ ብዙም አልቀረውም። በመጨረሻ አንድ ኮንትራት ታክሲ ቆመላቸው። ሹፌሩ የሰፈሩን ሰው አመል የሚያውቅ ነውና፣ ለክርክሩ የሚሆን ጨምሮ ዓይን ያወጣ ዋጋ ጠራ።

ጋሽ ሰላሁዲን አፋቸውን ከፈቱ። ሀፍሷ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ መገረም፣ ቀጥሎ ጥለው የሚሄዱ መምሰል፣ ከዚያ ግማሹን መጥራት። ሰዓቷን አየችና ልቧ ተሰቀለ።

"እሺ" አሉ አባቷ።

ሹፌሩ ግራ ገባው። "ስንት እንዳልኩ ሰምተዋል፣ ጋሼ?"

"ሰምቻለሁ። ክፈትላት፣ ልጄ ፈተና አላት።"

ሀፍሷ ገብታ ተቀመጠች፤ ዕንባዋ መጣ። ከሷ ጋር የተዋዋሉት ሰውዬ፣ እንድትወድቅ አንድም ቀን ተመኝተው እንደማያውቁ አሁን ገባት። አባቷ በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

"ቶሎ የመጣልሽን እንዳትለቂው" አሉና በሩን ገጭ አድርገው ዘጉት።

ታክሲው ከተነሳ በኋላ ዞር ብላ አየቻቸው። ዝናቡ መሐል ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ጃንጥላው እሷ ጭን ላይ ነበር።