በአሻ ስም

ካልቶማ ደሙ ከልክ ማለፉን ያወቀችው ከሰዓት በኋላ፣ ለገበያ የምታወጣውን ልባሽ ጨርቅ ልታጣጥፍ ብድግ ስትል ነው። ዓይኗ ጭልም አለባት። ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆመችና ፍራሹ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። «ምንም አይደል፤ ያለ ነው» አለች። ሰው ለራሱ ሲዋሽ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እሷም ጮክ ብላ ነበር ያለችው። ከግድግዳው ወዲያ የባሏ እናት አኮ ቱሜ ከልጅ ልጆቿ ጋር ስትጨቃጨቅ ይሰማታል። አኮ ማለት አያት ነው፤ ልጆቹ እንደዚያ ሲጠሯት ካልቶማም ለምዶባት ቀረ።

ድንበር በሚከፍላት ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል የምትኖረው ካልቶማ አራት ልጆች አሏት። የመጨረሻውን ስትወልድ ማህፀኗ ተተርትሮ፣ ባሏ ሀልካኖ የጭነት መኪና ላይ አቅፏት፣ በዚያ አንጀት በሚያውክ መንገድ ሶሎሎ ሆስፒታል የደረሰችው በነፍስ ነው። ሐኪሙ ሰፍቶ ሲጨርስ «ማማ፣ ከእንግዲህ እርግዝና ለአንቺ ሞት ነው» ብሏታል። ሀልካኖ ያን ጊዜ እንደ ሕፃን አልቅሷል፤ ስፌቱ ሲጠግግ ግን ለቅሶውንም ምክሩንም ረሳው። አኮ ቱሜም «በአባቴ ስም የሚጠራ አንድ ልጅ ጨምሪልኝ» ማለቷን አልተወችም። ስለዚህ የወር አበባዋ ሲቀር ካልቶማ ለማንም አልተነፈሰችም። ሀልካኖ ከብት ጭኖ ናይሮቢ ወርዶ ነበር፤ እሱ ሳይመለስ ነገሩ እንዲያልቅ ፈለገች።

በኬንያ በኩል ላለመታከም የወሰነችው የገበያ ወሬ ሰምታ ነው። ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡት ሴቶች «ፅንስ ያስወረደች ሴት ከሆስፒታል አልጋ ተነስታ ወደ ቤቷ አትሄድም፤ በቀጥታ እስር ቤት ነው» ይላሉ። በዓይኗ ያየች አንዲትም የለች፤ ግን ሁሉም ይምላሉ። ኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ለጤናዋ የሚያሰጋት ሴት በሐኪም እጅ ትታከማለች ሲባል ሰምታለች። እናም የአሻን መታወቂያ ይዛ ተሻገረች።

አሻ የሀልካኖ ታናሽ እህት ናት፤ ገና አላገባችም። ወዲያ ማዶ ዘመድ ቤት ስላደገች የቀበሌ መታወቂያ አላት። ሞያሌ ላይ እንዲህ ያለ መታወቂያ እንደ ቤት ጃንጥላ ነው፤ መውጣት የፈለገ ይዞት ይወጣል። ፎቶው በላብ ደብዝዞ የአሻም የካልቶማም የሌላ ሴትም ሊሆን ይችላል። ክሊኒክ ደርሳ ስሟን ሲጠይቋት «አሻ» አለች። ስልክ ሲሏት፣ የኬንያ ቁጥር ብሰጥ ከድንበሩ ማዶ መምጣቴ ይታወቅብኛል ብላ የቤቱን የኢትዮጵያ ቁጥር ሰጠች። ያ ሲም ያለው አኮ ቱሜ ስልክ ውስጥ ነው። ማን ይደውላል ብላ ነው።

ነርሷ ሳጂዳ ደግ ሴት ነበረች። ምርመራው አልቆ መድኃኒቱን ስትሰጣት አጠገቧ ተቀምጣ በዝግታ አስረዳቻት። «እህቴ አሻ፣ ቁርጠት ይኖራል፤ ደሙም ከወር አበባ በርታ ብሎ ይመጣል፤ አትደንግጪ። ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሞዴስ ከራሰ፣ የሚቀጥለውም ሰዓት እንደዚያው ከሆነ፣ ወይ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ወይ መጥፎ ጠረን ካመጣ፣ ውለሽ እንዳታድሪ። ሌሊትም ቢሆን ነይ። ቤትሽ ቅርብ ነው፤ በራችን አይዘጋም።»

ካልቶማ ራሷን ነቀነቀች። ጆሮዋ ግን ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ የሚያውቃት ሰው ይገባ ይሆን እያለች። ቤቷ ቅርብ የሆነችው መታወቂያው ላይ ያለችው አሻ ናት። የክሊኒኩ በር ባይዘጋም በእሷና በክሊኒኩ መካከል ያለው የድንበር በር ሲመሽ ይዘጋል። «ከኬንያ በኩል ብሆንስ ምን ላድርግ?» ብላ እንዳትጠይቅ በአሻ ስም ተቀምጣለች። ሳትጠይቅ ወጣች።

ቤት ስትመለስ ደግሞ ሞዴስ አልገዛችም። አኮ ቱሜ ዓይኗ የቤቱን ቆሻሻ ሳይቀር ያያል። ከምትሸጠው ልባሽ ውስጥ ወፍራም የሕፃን ብርድ ልብስ ቀድዳ አጥፋ ያዘች፤ ብርድ ልብስ ደግሞ ብዙ ይጠጣል። በሞዴስ የተነገራትን በብርድ ልብስ እንዴት ትለካው? እስኪርስ ድረስ ደህና ነኝ አለች፤ ሲርስም ሌላ ቀደደች። እነሆ አሁን ሦስተኛው ብርድ ልብስ አልቋል፤ ከንፈሯም ደርቋል። ወደ ወዲያ ልሻገር ብትል መቆም አልቻለችም። ወደዚህኛው ሆስፒታል ልሂድ ብትል ፖሊስ ታያት። እዚያው ፍራሽ ላይ እንደምትሞት ገባት።

መጋረጃው ተገልጦ አኮ ቱሜ ስልኳን እንደያዘች ገባች። ፊቷ ተለዋውጧል።

«ካልቶማ፣ አሻ ምን ሆናለች?»

«አሻ? ጎዶማ ገበያ አይደለች እንዴ? ዕቃ ልትሸጥ አይደል የሄደችው?»

«ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ‹አሻ ነሽ?› አለችኝ። እናቷ ነኝ ስላት ጭጭ አለች። ከየት ነው የምትደውይው ብላት ‹ሌላ ጊዜ እደውላለሁ› ብላ ዘጋችው። ከኋላዋ ግን ‹የሚቀጥለው ታካሚ ይግባ› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» አኮ ቱሜ ስልኩን በጥፊ መታችው። «ሐኪም ቤት ነው! ያላገባች ልጅ፣ ከእናቷ የሚደበቅ ምን ሕመም አላት? የጥርስ ሐኪም እናትን አይፈራም!»

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ካልቶማ ይህን እንኳ አልፈራችውም ነበር። በአሻ ላይ ይመጣል ብላ አንድም ቀን አላሰበችም።

«ለወንድሜ ለጎዳና ደውያለሁ» አለች አኮ ቱሜ። «ሞተር አስነስቶ ጎዶማ ሄዷል። በፀጉሯ እየጎተተ ያመጣታል!»

ጎዳናን ካልቶማ ታውቀዋለች፤ አስቀድሞ መትቶ ኋላ የሚጠይቅ ሰው ነው። አሻ አሁን ስኳርና ጫማዋን ዘርግታ፣ ከገበያተኛ ጋር እየሳቀች ይሆናል። ምንም አታውቅም። ካልቶማ ዝም ልትል አሰበች። ዱላው አሻ ላይ ያርፋል፤ አሻ ብትምል ማን ያምናታል? እኔም እስከ ነገ አልደርስም፤ ልጆቼ እናታችን ታማ ሞተች ይላሉ፤ ነገሩም ከእኔ ጋር ይቀበራል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችው። ከዚያ ሆዷ ውስጥ ሌላ ቁርጠት ተነሳና ሐሳቧን ቆረጠው፤ የቀረላት በፀጉሯ የምትጎተተው አሻ ብቻ ሆነች።

«አኮ፣ አሻ አይደለችም» አለች። «እኔ ነኝ። በመታወቂያዋ የሄድኩት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም።»

አኮ ቱሜ መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ፍራሹን አየች። ቀርባ ጎንበስ አለችና ብርድ ልብሱን ገለጠች። ካልቶማ ጥፊ ይመጣል ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጥፊ አልመጣም። የመጣው ድምፅ የስልክ ነበር፤ አሮጊቷ ቁጥር ትጫናለች።

«ጎዳና! ተመለስ። ልጄን እንዳትነካት! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ተመለስ ብዬሃለሁ!» «እሺ» ማለቱን ሰምታ፣ ስልኩን ሳትዘጋው ወደ ደጅ ዞራ ቱክቱክ እንዲያስቆሙ ልጆቹ ላይ ጮኸችባቸው።

«አኮ፣ ወደ ወዲያ ውሰጂኝ። እዚህ ሆስፒታል አልሄድም፤ ያስሩኛል» አለች ካልቶማ እጇን ይዛ።

«በሩ እየተዘጋ ነው፤ ስንለምናቸው ደምሽ ያልቃል።»

«ያስሩኛል እኮ!»

«ታስረሽ ስንቅ አመላልስልሻለሁ። ሞተሽ ምን አደርግሻለሁ? ተነሺ!»

ሆስፒታሉ በር ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ዘበኛ ቆሞ ነበር። ካልቶማ ስታየው ከቱክቱኩ ልትወርድ አልፈለገችም፤ አኮ ቱሜና ሾፌሩ በብብቷ ገብተው አወረዷት። ዘበኛው ገና ሲያያት «ፖሌ፣ ፖሌ ማማ»፣ አይዞሽ እናቴ እያለ ተሽከርካሪ ወንበር ገፍቶ መጣ። ያ ሁሉ ፍርሃት ለዚህ ሰው ነበር።

የተቀበለቻት ነርስ ሮዝ ትባላለች። የደም ግፊቷን ለካች፣ ክንዷ ላይ መርፌ ሰክታ ግሉኮስ አንጠለጠለች፣ ከዚያ በስዋሂሊ ጠየቀቻት። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ወደቅሁ» አለች ካልቶማ።

ሮዝ መጋረጃውን ሳበችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ፣ ማማ። እኔ ሲስተር ነኝ፤ ፖሊስ አይደለሁም። የምትደማ ሴት እዚህ ትታከማለች፤ ሕጉም አክሙ ነው የሚለን። በራሱ ወርዶም ይሁን በመድኃኒት፣ ሕክምናው አንድ ነው። ግን የወሰድሽውን ብትነግሪኝ ቶሎ እደርስልሻለሁ።»

ካልቶማ አማቷን አየች። አኮ ቱሜ ወደ መሬት እያየች «ንገሪያት» አለች። መድኃኒቱንም የድሮ ስፌቷንም ነገረቻት። ሲናገሩት እንዴት አጭር ነው! ሮዝ አልተቆጣችም፤ አልተገረመችምም። ማህፀኗ ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ፣ ደሙም የማይቆመው ለዚያ እንደሆነ፣ ሐኪሙ በትንሽ ቱቦ ስቦ እንደሚያወጣው አስረዳቻት። ስለ ድሮ ስፌቷ ለሐኪሙ እንደምትነግረውና እሱም በጥንቃቄ እንደሚሠራ ጨመረችላት። ሕመሙን ማደንዘዣው ሁሉንም አልወሰደውም። ካልቶማ አንድ እጅ ይዛ ነበር የጮኸችው፤ እጁ የአኮ ቱሜ መሆኑን ያወቀችው ሲያልቅ ነው። ደሙ እየቀነሰ ሄደ።

ጠዋት ሮዝ መጥታ ሞዴሱን አየች፣ አንድ እሽግም ሰጠቻት። «ከአሁን በኋላ የምትቆጥሪው በዚህ ነው፤ በብርድ ልብስ አይደለም። ይህን እንክብል ሳትጨርሺ እንዳታቋርጪ። ደሙ እስኪቆም ወደ ውስጥ ምንም አይገባም፤ ቅጠልም፣ ባልም።» አኮ ቱሜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሮዝ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ቀጠለች። «ደግሞም ወር አበባ ሳይመጣ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። መከላከያ ከፈለግሽ ዛሬውኑ፣ ከመውጣትሽ በፊት ንገሪኝ።»

«እፈልጋለሁ» አለች ካልቶማ። አማቷ ሰምታለች።

ሮዝ ስትሄድ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አኮ ቱሜ ዓይኗ ቀልቷል፤ ሌሊቱን ወንበር ላይ ነው ያሳለፈችው።

«ከሞት ይልቅ እኔን ፈራሽ?»

ካልቶማ ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ጉልበት ግን አልነበራትም።

«አዎ፣ አኮ።»

አሮጊቷ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። ይቅርታም አልጠየቀች፣ ይቅርም አላለች። ኮሪደሩ ላይ ሌላ ሴት ታቃስታለች።

«ሀልካኖ ሐሙስ ይመጣል» አለች በመጨረሻ። «ምን እንደምለው እስካሁን አላወቅሁም። ይጮሃል፤ ልጄ ነው፣ አውቀዋለሁ። እኔም ገና አልበረደልኝም።» ከዚያ ከአልጋው አጠገብ የነበረውን ሻይ አንስታ፣ እፍ ብላ አቀዘቀዘችውና ወደ ካልቶማ ከንፈር አስጠጋችው። «ይጩህ። ቁጣ የሚሰማው በሕይወት ያለ ሰው ነው። ጠጪ።»