ወደብ ላይ የሚጠብቅ

ሮዌና ሱማሊኖግ በፊሊፒንስ የሴቡ ደሴት ጀልባዎችን የተሳፋሪ መመዝገቢያ ከትኬት ቤቶቹ ኮምፒውተሮች ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ኤፒአይ የሚሉትን፣ የምትነድፈው በሥዕል ነበር። ብራውዘሯ ላይ ሳጥን ትስላለች፣ በውስጡ ስም፣ ዕድሜ፣ የመቀመጫ ቁጥር ትደረድራለች፣ ከዚያ ሳጥኖቹን በመስመር ታያይዛለች። ሥራውን የሚጋራት ጁንሬል ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት «ተሳፋሪ» በሚለው ሳጥን ግርጌ አዲስ ጥያቄ አገኘች፤ «ወደብ ላይ የሚጠብቅ» ይላል። የግዴታ ምልክት አለበት፤ ካልተሞላ ማንም አይሳፈርም። ጁንሬልን ብትጠይቀው እሱ ደግሞ የእሷ ሥራ መስሎት ነበር። የለውጦቹን መዝገብ ከፈቱ። ያስገባው ሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ሮዌና ጥያቄውን አጠፋችው።

ማክሰኞ ተመልሶ መጣ። አሁን ለናሙና መልስ በተተወው ቦታ ኮንኮርዲያ ቱምላድ የሚል ስምና ስልክ ቁጥር ተጽፏል።

«ደውዪና ልብሽ ይረፍ» አላት ጁንሬል። «ቢበዛ ፒዛ ቤት ነው።»

ደወለች። ያነሱት አንዲት አሮጊት ናቸው። ማን እንደሆነች እንኳ ሳይጠይቁ፣ «ደረሰ እንዴ?» አሉ።

ሮዌና ስልኩን ዘጋች።

ስሙን ይዛ ወደቡ ላይ ሠላሳ ዓመት ተሳፋሪ ወደመዘገቡት ወደ ኖንግ ቴባን ወረደች። ሽማግሌው ጥያቄውን ያውቁታል። ድሮ በተሳፋሪ መመዝገቢያ ደብተሩ ላይ ነበረ፤ ሰልፍ ያስረዝማል ተብሎ ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት አንድ ጀልባ ሰጠመ፤ በሌላ ሰው ትኬት የተሳፈረ አንድ ወጣት ሞቶ ወጣ።

«ማንን እንጥራ ነበር፣ ኢንዳይ?» አሏት፤ በአገሩ ቋንቋ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ያለ ስም ቀበርነው።»

የሸሚዙን ፎቶ ግን መሳቢያቸው ውስጥ አኑረውት ነበር።

ሮዌና መልሳ ደውላ የአሮጊቷን አድራሻ ጠየቀች፤ ቅዳሜ ከኖንግ ቴባን ጋር ፎቶውን ይዘው ኮንኮርዲያ ወደሚኖሩበት ወደ ቦሆል ደሴት ተሻገሩ። ኮንኮርዲያ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት። ከነጮቹ ቁልፎች መካከል አንዱ ቡናማ ነው።

«ይቺን እኔ ነኝ የተከልኳት» አሉ በመጨረሻ። «ነጭ አጥቼ።»

ብዙ አለቀሱ። ሲረጋጉ ሮዌናን ቀና ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ ይህን ስልክ ቁጥር ያወጣሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ለማንም አልሰጠሁም። ከማን አገኘሽው?»



የልጃቸው የሬናቶ ቱምላድ ስም በዚያው ወር መቃብሩ ላይ ተጻፈ። «ወደብ ላይ የሚጠብቅ» የሚለውንም ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ማንም ከሳጥኑ አላጠፋውም፤ አለቃቸው ሰልፉ ረዘመ ብሎ ሲያጉረመርም እንዲቆይ የተከራከረው ጁንሬል ነው። የኮንኮርዲያ ስምና ቁጥር ከናሙናው ቦታ በራሱ ጠፋ፤ ቦታው እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ሮዌና ግን በየጠዋቱ ሳጥኑን የምትከፍተው ሌላ ስም ተጽፎበት ይሆን እያለች ነው።