በወንድም ላብ የዛገ ክር

የጊታር አስተማሪዋ የዛገውን ክር ባለሱቁ ፊት ወረወረችው።

«ገና ሳምንቱ ነው» አለችው።

ባለሱቁ ክሩን ዘርግቶ አየው። «እህቴ፣ እጅሽን ያልብሻል። ሽፋን ያለውን ክር ውሰጂ፤ ላብ አያስገባም።»

ደሟ ፈላ። ሽፋን ያለው ክር ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚዘፍን ሰው ይታፈንባታል።

«ዝገቱ የቱ ጋ ነው?»

«በጊታሩ ራስ በኩል ባለው ጫፍ ብቻ።»

«እኔ የጊታሩን አንገት ከላይ እስከ ታች ነው የምጫወተው። እዚያ ጫፍ ላይ በሦስት ኮርድ ሙጭጭ የሚለው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሳያስፈቅድ ያነሳዋል፣ ሳይጠርግ ይመልሰዋል።»

«ታዲያ ሽፋን ያለው ይገላግልሻላ።»

«እጁን የሚያልበው እሱ፣ የምደነቁረው እኔ?»

ሽፋን የሌለውን ክር ገዝታ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ጓጉንቸር የት ይሸጣል?»