የጋሽ ቅያሬ አምስት ሥራዎች

አባቷ በሞተ ማግስት ጠዋት ወንድሟ ደብተርና እስክሪብቶ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከፊቷ አኖረላት። «የሕይወት ታሪኩን አንቺ ጻፊው፤ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ። ቀብሩ ላይ እኔ አነበዋለሁ» አለና የሬሳ ሳጥኑን ሊያመጣ ወጣ።

የተወለደበትን ዘመን ጻፈች፤ ያገባበትን ዓመት ጻፈች። ሥራው ጋ ስትደርስ ግን እጇ ተሳሰረ። አባቷ በሰባ አንድ ዓመቱ እስኪሞት ድረስ አምስት ሙያ ቀያይሯል። ሠፈሩም ስሙን ትቶ «ጋሽ ቅያሬ» ነበር የሚለው።

«ጋሽ ቅያሬ፣ ዘንድሮስ ምን ሆንክ?» ይሉታል መንገድ ላይ።

«ዘንድሮ እንኳ ያው ነኝ። ለከርሞ ግን ሚኒስትር ሳልሆን አልቀርም» ይላቸዋል። አብሯቸው ይስቃል።

መጀመሪያ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነበር የሚነዳው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው ቤቱ የሚያድረው። ታናሽ እህቷን የሚጥል በሽታ የጀመራት ያኔ ነው፣ በአራት ዓመቷ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ አንድ ሕግ ነበር፦ ትንሿ ለዓይን ጥቅሻ እንኳ ብቻዋን አትተውም።

እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ትንሿ ስድስት። እናታቸው ወፍጮ ቤት ልትሄድ ስትነሳ «እህትሽን አደራ፤ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ» አለቻት። እሺ አለች። ከጎረቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ሲመጣ ግን ለአንድ አፍታ ብላ ወጣች። አንድ አፍታው ረዘመ።

ስትመለስ አባቷን አገኘችው። አውቶቡሱ ተበላሽቶበት ሳይታሰብ መጥቷል። መሬት ላይ ተንበርክኮ የትንሿን እጅ ባልዲ ውስጥ ነክሯል። የከሰሉ ምድጃ ተገልብጧል። የልጅቷ ግራ ጉንጭ የሷ አይመስልም። ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሽታ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም።

አባቷ ቀና ብሎ አያት። አልጮኸባትም።

«ስሚኝ። ሱቅ የላክሁሽ እኔ ነኝ፤ ሲጋራ ግዢልኝ ብዬ። እኔ ደግሞ ደክሞኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ገባሽ?»

«አባባ፣ እኔ እኮ...»

«አንቺ ምንም አታውቂም። ሱቅ ነበርሽ።»

እናቷ ስትመጣ የተነገራት ይኸው ነው። «አጠገቧ ተጋድመህ!» ብላ ደረቱን እየደበደበች ጮኸች። እሱም እጁን ወደ ታች ጥሎ ተደበደበላት።

በሳምንቱ ወገቤን አመመኝ ብሎ የአውቶቡሱን ቁልፍ አስረከበ። ወገቡ ደህና ነበር። ልጄ አጠገብ ልሁን ብሎ ግቢው ውስጥ ብየዳ ጀመረ። ሁለት ዓመት እንደሠራ ልጅቷ የብየዳውን ብልጭታ እያየች ስትወድቅ ሁለት ጊዜ አየ፤ ማሽኑን በዚያው ተወው። ትምህርት ቤት ስትገባ የትምህርት ቤቷ ዘበኛ ሆነ። ስድስተኛ ክፍል ላይ፣ በጉንጯ ጠባሳ እየሳቁባት አልሄድም ስትል እሱም በወሩ ለቀቀ። የሠራተኛ ልጅ በደንብ ይታከማል ሲሉት ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሆኖ ገባ። ደም የነካ አንሶላ ስምንት ዓመት አጠበ፤ በረኪናው የጣቶቹን ቆዳ ልጦት ነበር። ሕመሙ ሲብስባት በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ ከጎረምሶችና ከኮረዶች መሀል ተቀምጦ ስፌት ተማረና ሳሎኑ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሆነ።

ትንሿ የሞተችው በሃያ አራት ዓመቷ፣ በቀን ነው። ደንበኛ ግቢውን አንኳኳ፤ እሱ ሊከፍት ተነሳ፤ ሲመለስ በአፍ ጢሟ ተደፍታለች።

«ያኔም አንተ፣ ዛሬም አንተ!» አለችው እናቷ፣ ለቀስተኛ ፊት። እሷም እዚያው ቆማ ነበር፤ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት። አፏን ልትከፍት ስትል አባቷ ከማዶ ሆኖ ራሱን በቀስታ ነቀነቀባት። ዋጥ አደረገችው።

አሁን እናቷ ከጓዳ ወጥታ ወንበር ሳበች።

«የት ደረስሽ?»

«ሥራው ጋ።»

«ለልጆቹ ሟች ነበር በይ፤ እውነት ነው። እኔ ግን የዚያችን ቀን ይቅር አላልኩትም። ከትናንት ወዲያ እንኳ እጄን ሲይዘኝ ነጠቅሁት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ አባባ አልተኛም ነበር። ቤትም አልነበረም። አደራ ያልሽው እኔን ነው፤ ትቻት የወጣሁት እኔ ነኝ።»

እናቷ ወዲያው አልገባትም። ቆይቶ ሲገባት ፊቷ ባዶ ሆነ።

«የት ነበርሽ?»

«ጎረቤት። ቴሌቪዥን አያለሁ።»

«ምን ነበር የሚታየው?»

«አላስታውሰውም።»

እናቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ትናንት ጠዋት እኮ ነፍሱ ነበረች» አለች በመጨረሻ። «ትናንት ጠዋት ብትነግሪኝ ምን ነበረ?»

እናቷ ደብተሩን ወደ ልጇ ገፋችው።

«ጻፊው።»

«ይሄንንም?»

«አንድም ሳታስቀሪ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድሟ መቃብሩ አፋፍ ቆሞ አነበበ። አውቶቡሱን፣ ቁልፉን ማስረከቡን አነበበ። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመ፤ ቀና ብሎ እህቱን አያት። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ጉሮሮውን ጠርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። እናቷ አላለቀሰችም። ሳጥኑ ሲወርድ ጎንበስ ብላ «ምነው አንተ ሰውዬ፣ ምነው?» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ወር ሙሉ እናቷ አላነጋገረቻትም። እሷ እየመጣች የእናቷን ቤት ትጠርጋለች፣ ምግብ አብስላ አስቀምጣ ትሄዳለች። አንድ ማክሰኞ ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ነበረች።

«ዓይኔን ሐኪም ላሳይ ነው። ትወስጂኛለሽ?»

ወሰደቻት። ወረፋው ላይ ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ነርሷ ስትጠራት እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ሳትል «አብረሽኝ ግቢ» አለቻት።