ያለ እሱ አንድ ሳምንት

የሆስፒታሉን የቀጠሮ ሲስተም ለብቻው የጻፈው ፕሮግራመር፣ ሥራ አስኪያጁ «አንድ ሳምንት ቤትህ ተቀመጥ» ሲለው ፈቃድ መስሎት አመሰገነ።

ፈተና ነበር። የክፍሉ ወጣት ፕሮግራመሮች «የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ አርጅቷል፤ በአዲስ ቋንቋ ከዜሮ እንጻፈው» ብለው ተነስተዋል። እሱ ደግሞ «አስራ አንድ ዓመት ቆሞ የማያውቅ ሲስተም ምን በወጣው ይጣላል?» ብሎ ሙጭጭ አለ። ጭቅጭቁ የሰለቸው ሥራ አስኪያጅ ቆረጠው፦ በቀጠሮው ገጽ ላይ የአስታማሚ ስልክ የሚሞላበት አንድ ሳጥን ይጨመር፤ እሱ ግን አይጠየቅ። ከተቻለ አሮጌው ይቆያል፤ ካልተቻለ ይቀየራል። ሌሎቹ ሆን ብለው እንዳይለግሙም ሥራው የተሰጠው እሱ ላስተማራት፣ ለአሮጌው ብቻዋን ስትከራከር ለከረመችው ልጅ ነው።

ፈተና መሆኑ ሲነገረው ስልኩን አጥፍቶ ቤት ዋለ። የበር ማጠፊያ አጠበቀ፤ ያልተበላሸ ቧንቧ ፈታ።

«ሰውዬ፣» አለች ሚስቱ፣ «አንተ ስታርፍ እኮ እኛ ደከመን።»

በአራተኛው ቀን የሷ ስልክ ጮኸ። አዳመጠችና ዘረጋችለት። «ላንተ ነው። እኔን የሚፈልግ ሰው እንዲህ አይንተባተብም።»

«ጋሼ፣ መደወል እንደሌለብኝ አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። «ሳጥኑን ጨምሬዋለሁ፤ የተሞላው ቁጥር ግን አይቀመጥም። ሦስት ቀን ፈለግሁ።»

«የማተሚያው ፋይል ውስጥ ግቢ» አላት ሳያስብ። «አራት መቶ አስራ ሁለተኛው መስመር። ዘጠኙን አስር አድርጊው፤ የሳጥኖቹ ብዛት ነው።»

«ማተሚያው? ማስቀመጥን ከማተም ምን አገናኘው?»

«ያኔ ጥድፊያ ነበር።»

«ታዲያ አንዲት መስመር ማስታወሻ ቢጽፉበት ምን ነበር?»

«ለማን ብዬ? እኔ አውቀው የለ!»

ደረቱን ነፍቶ ነበር። ከወዲያ የኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲነኩ ተሰማ።

«ሠራ» አለች። ድምጿ ውስጥ ደስታ የለም።

«እሰይ! በቃ፣ አለፍን።»

«አላለፍንም ጋሼ። ለሥራ አስኪያጁ አልቻልኩም ብዬ ነው የምጽፈው። የሠሩት እርስዎ ነዎት።»

«ያስተማርኩሽ እኔ» የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠው። ሁለት ዓመት አጠገቡ ስትቀመጥ ይቺን መስመር አሳይቷት አያውቅም። ረስቶ ነው እንዳይል፣ ቁጥሯን እንኳ አልረሳም። የሆነ ነገር በተሰናከለ ቁጥር ከኮሪደሩ ጫፍ «ጋሼ! ጋሼ!» ሲባል ይጣፍጠው ነበር፤ እስከ ዛሬ ግን ለራሱም አምኖ አያውቅም።

«ጋሼ፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«አስሩን ወደ ዘጠኝ ልመልሰው?»

ሚስቱ ከበሩ ላይ ሆና ፊቱን ታየዋለች። ጀርባውን ሰጣት።

«መልሺው» አለ።